የዕድገትና የህዋስ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ የሕትመትና የጥቅስ መዝገብ አዘገጃጀት

የአንድን ተመራማሪ ስም ጥቅስ በሚቆጥሩት ሦስት ዳታቤዞች፣ በጉግል ስኮላር፣ በስኮፐስና በዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ በአንድ ቀን ቢፈልጉ ሦስት የተለያዩ የጥቅስ ድምሮች (ሥራዎቹ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበት ብዛት) ያገኛሉ። ሦስቱም እንደየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ የሚቆጥሩት ግን አንድ አይደለም። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና ገና ያልተገመገመ ረቂቅ ሳይቀር ይቆጥራል። ሁለቱ ደግሞ መርጠው የመዘገቧቸውን ጆርናሎች፣ መጻሕፍትና የጉባኤ ጽሑፎች ብቻ ያያሉ። በዚህ ላይ ስም ሲመሳሰል፣ ጆርናል ስሙን ሲቀይር፣ አንድ ሥራ በሁለት ቅጂ ሲወጣ ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራዎቹ ዝርዝር በእጅ ይጣራል፤ ቁጥር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ከምንጩና ከተወሰደበት ቀን ጋር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዳታቤዞቹም የሚጠቀሙት ያንኑ ነው።

ዝርዝሩን መገንባት

አንድ ባዶ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይክፈቱና ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ረድፍ ይስጡ። ዓምዶቹ ዓመት፣ ሙሉ ርዕስ፣ ጆርናል፣ ቅጽ፣ ገጽ ወይም የጽሑፍ ቁጥር፣ ዲኦአይ (ለአንድ ሥራ የሚሰጥ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ)፣ የፐብሜድ (የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎች ዳታቤዝ) ቁጥር፣ የሥራው ዓይነት፣ የደራሲዎቹ ብዛትና የተመራማሪው ተራ፣ የፕሪፕሪንቱ (ከግምገማ በፊት የተለቀቀው ረቂቅ) ዲኦአይ፣ እንዲሁም እርማት ወይም ስረዛ ይሁኑ። የጥቅስ ቁጥሮች በስተቀኝ ጫፍ ይቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ አንድ ዓምድ፣ ከጎኑም ቁጥሩ የተወሰደበት ቀን።

ዲኦአይ ያለው ሥራ ያለ ዲኦአይው አይመዝገብ። ርዕስ በአንድ ፊደል ከተዛነፈ ፍለጋው ይስታል። በተለይ የጂን ስሞች፣ የግሪክ ፊደላትና በሰያፍ የሚጻፉ የዝርያ ስሞች ከዳታቤዝ ወደ ዳታቤዝ ሲሻገሩ ይበላሻሉ። ዲኦአይ ግን ቋሚ መለያ ስለሆነ ሁለት ዝርዝሮችን ለማስታረቅ ከሁሉ የተሻለ ቁልፍ ነው። ከፒዲኤፍ ሲገለብጡት መጨረሻው ላይ የዓረፍተ ነገር ነጥብ ወይም ቅንፍ ተጣብቆ እንዳይመጣ ይመልከቱ። ሊንኩ አልከፍት ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ኦርኪድ ይሁን። ኦርኪድ በኦክቶበር 2012 ሥራ የጀመረ የተመራማሪዎች መለያ ነው፤ አራት አራት እየሆኑ በሰረዝ የሚለያዩ 16 ምልክቶች አሉት። የመጨረሻው ምልክት ከቀደሙት 15 ተሰልቶ የሚወጣ ማረጋገጫ ሲሆን፣ ስሌቱ 10 ሲመጣ በአሃዝ ፋንታ ኤክስ የሚለው የላቲን ፊደል ይጻፋል። ያቺን ፊደል የአጻጻፍ ስህተት መስሏቸው የሚሰርዙ አሉ፤ ከተሰረዘች መለያው አይሠራም። ሲመዘገቡ ቢያንስ ሁለት የኢሜይል አድራሻ ያስገቡ፣ አንዱም የግል ይሁን። የተቋም አድራሻ ሰው ሥራ ሲቀይር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል ማስመለስ አስቸጋሪ ይሆናል፣ አዲስ መለያ ማውጣትም መዝገቡን ለሁለት ይከፍላል። ቀጥሎ ዲኦአይ ለሚመዘግቡት ድርጅቶች ለክሮስሬፍና ለዴታሳይት መዝገቡን በራሳቸው እንዲያድሱ ፈቃድ ይስጡ። ፈቃዱ ካለ፣ ተመራማሪው ጽሑፉን ሲያስገባ ኦርኪዱን ለጆርናሉ ከሰጠና አሳታሚው መለያውን ከዲኦአይው ጋር ካስመዘገበ፣ ሥራው ሲታተም በራሱ ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይገባም፤ የጎደለውን በእጅ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ፐብሜድ ነው። እዚህ ላይ የቆዩ ሥራዎች ያሏቸው ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ፐብሜድ የደራሲን ሙሉ ስም መመዝገብ የጀመረው ከ2002 ወዲህ ለወጡ ጽሑፎች ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት በቤተሰብ ስምና በመነሻ ፊደል ብቻ ተይዘዋል። ስለዚህ በሙሉ ስም የሚደረግ ፍለጋ የ1990ዎቹን ሥራ አያመጣም። ከ1984 እስከ 1995 ባሉት መዝገቦች ቢበዛ አሥር ደራሲዎች፣ ከ1996 እስከ 1999 ባሉት ደግሞ ቢበዛ 25 ብቻ ይመዘገቡ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በተሳተፈበት ጽሑፍ ላይ ስሙ መሃል የነበረ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የተቋም ስምም ቢሆን እስከ 2013 ድረስ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ደራሲ ብቻ ነበር። ስለዚህ በተቋም ስም የተጣራ ፍለጋ ብቻውን አይበቃም፤ በስም፣ በአብሮ አሳታሚዎች (አብረው ጽሑፉን በጻፉ ደራሲዎች) ስምና በሚጠናው እንስሳ ስም እያፈራረቁ ሦስት አራት ጊዜ ይፈልጉ።

ስም ራሱ ትልቁ የስህተት ምንጭ ነው። ከሌላ ፊደል ወደ ላቲን የሚገለበጥ ስም በየጊዜው በተለያየ አጻጻፍ ይወጣል፤ የአያት ስም አንዴ ይጨመራል፣ አንዴ ይቀራል፤ ጋብቻ ስም ይለውጣል። አሁን አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ከእንግዲህ እሱን ብቻ ይጠቀሙ። የቀድሞዎቹን ሁሉ በኦርኪድ ገጽ ላይ ለሌሎች ስሞች በተዘጋጀው ቦታ ያስገቧቸው።

ሥራን ለሁለት የሚከፍሉ ነገሮች

የዕድገትና የህዋስ ሥነ ሕይወት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጽሑፎች የሚጠቀሱበት ዘርፍ ነው። የዛሬ ተመራማሪ የጫጩት ፅንስ ዕድሜ ሲናገር በ1951 የወጣውን የሐምበርገርና የሐሚልተን የ46 ደረጃዎች ዝርዝር ይጠቅሳል። ያ ጽሑፍ መጀመሪያ በጆርናል ኦፍ ሞርፎሎጂ ወጣ፤ በ1992 ደግሞ ዴቨሎፕመንታል ዳይናሚክስ እንደገና አተመው። አንዳንዱ የ1951ዱን፣ ሌላው የ1992ቱን ይጠቅሳል። ጥቅሱም በሁለት መዝገብ ተከፍሎ ይኖራል፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው የጽሑፉን ተሰሚነት አሳንሶ ይገምታል።

የጆርናል ስም መቀየርም እንዲሁ ነው። ጆን ገርደን ከእንቁራሪት ጨቅላ አንጀት ህዋስ የወሰዱት ኒውክለስ ሙሉ እንስሳ ማስገኘት እንደሚችል ያሳዩበት የ1962 ጽሑፍ የወጣው በጆርናል ኦፍ ኤምብሪዮሎጂ ኤንድ ኤክስፐሪመንታል ሞርፎሎጂ ነበር። ያ ጆርናል በ1953 ተመሥርቶ በ1987 ስሙን ዴቨሎፕመንት ብሎ ቀየረ። የጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂም እስከ 1962 ድረስ ስሙ ሌላ ነበር፤ ጆርናል ኦፍ ሴል ሳይንስ በ1966 ከድሮው የማይክሮስኮፕ ጆርናል ተቀየረ፤ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ኦፍ ዘ ሴል በ1992 ሴል ሬጉሌሽን ከሚለው፤ ሜካኒዝምስ ኦፍ ዴቨሎፕመንት ደግሞ በ2021 ሴልስ ኤንድ ዴቨሎፕመንት ተባለ። በዝርዝሩ ውስጥ መጻፍ ያለበት ሥራው በወጣበት ጊዜ የነበረው ስም ነው። የዛሬውን ስም በአሮጌ ጽሑፍ ላይ የሚለጥፍ ሰው ቅጹና ዓመቱ የማይገጥም ዋቢ ይፈጥራል፤ እሱን የገለበጡ ሌሎች ደራሲዎችም ስህተቱን ያባዙታል፣ ዳታቤዙም ጥቅሱን ከሥራው ጋር ማገናኘት ያቅተዋል።

የባዘኑ ጥቅሶችን ለማግኘት በዌብ ኦፍ ሳይንስ ውስጥ የተጠቀሱ ዋቢዎችን ለብቻ የሚፈልግ ክፍል አለ። የመጀመሪያውን ደራሲ ስምና የሥራውን ዓመት ያስገቡ፤ ቅጹ የተሳሳተ፣ ገጹ የጎደለ፣ ስሙ የተዛነፈ ልዩ ልዩ መልክ ይዘረዘራል። ለመጽሐፍ፣ ለመጽሐፍ ምዕራፍና ለአሮጌ ሥራ ይህ ፍለጋ ግዴታ ነው። ስለ ዜኖፐስ እንቁራሪት ፅንስ ደረጃዎች ኒውኩፕና ፋበር ያዘጋጁት ሥራ መጽሐፍ በመሆኑ ጥቅሱ በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። የዌብ ኦፍ ሳይንስ የኋላ ዓመታት ሽፋን ተቋሙ በገዛው የደንበኝነት ዓይነት እንደሚወሰን አይርሱ። ሁለት ሰዎች ከሁለት ተቋማት ገብተው ስለ አንድ ተመራማሪ ሁለት ቁጥር ማግኘታቸው በዚህ ይመጣል።

ዛሬ ከሁሉ የሚበዛው መከፈል ግን የፕሪፕሪንት ነው። ባዮ አርካይቭ በኖቬምበር 2013 በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ ከተከፈተ ወዲህ፣ በዚህ ዘርፍ ጽሑፍን ከግምገማ በፊት እዚያ መልቀቅ የተለመደ ሆኗል። ፕሪፕሪንቱ የራሱ ዲኦአይ አለው፣ በጆርናል የታተመው ደግሞ ሌላ። ርዕሱና የደራሲዎቹ ቅደም ተከተል በግምገማው መሃል ካልተለወጠ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ ያገናኛቸዋል። ገምጋሚ አዲስ ሙከራ ጠይቆ ርዕሱ ሲቀየርና አዲስ ደራሲ ሲገባ ግን ሁለቱ ተለያይተው ይቀራሉ። ኢላይፍ የተባለው ጆርናል በ2023 በጀመረው አሠራር ደግሞ አንድ ሥራ ከግምገማው አስተያየት ጋር በየቅጂው ይወጣል፣ ቆይቶም የመጨረሻው ቅጂ ይታወጃል። በሠንጠረዡ ውስጥ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ረድፍ ብቻ ይኑር፤ ዋናው ዲኦአይ የመጨረሻው ቅጂ ይሁን፣ ሌሎቹ በፕሪፕሪንት ዓምድ ይግቡ። ፕሪፕሪንትና የታተመውን እንደ ሁለት ሥራ ቆጥሮ ማቅረብ ከባድ ጉዳት ያመጣል። ገምጋሚ ይህን አንዴ ካየ የቀረውን ዝርዝር አያምንም።

እርማትን አይደብቁ። የህዋስ ሥነ ሕይወት በምስል ላይ የቆመ ሳይንስ ነው፤ ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ ከ2002 ጀምሮ ለሕትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች አላግባብ ተለውጠው እንደሆነ ይመረምራል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። በአንድ ምስል ላይ የወጣ እርማት በዚያው ረድፍ ከነዲኦአይው ይጻፍ። የተሰረዘ ጽሑፍ ከድምሩ ይወጣል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን መሰረዙ ተገልጾ ይቆያል። የተሰረዘ ሥራ ለዓመታት መጠቀሱን ስለማያቆም ዳታቤዙ እሱንም ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ መቀነስ ያለበት በእጅ ነው። ክሮስሬፍ በ2023 የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚከታተለውን የሪትራክሽን ዋችን ዳታቤዝ ገዝቶ ለሕዝብ ክፍት ስላደረገው ማጣራቱ ቀላል ሆኗል።

ቦታና ዓይነት

በዚህ ዘርፍ ልማድ የመጀመሪያው ደራሲ ሙከራውን በአብዛኛው የሠራው ሰው፣ የመጨረሻው ደግሞ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። ታካሃሺና ያማናካ በ2006 በሴል ጆርናል ያወጡት የቆዳ ህዋስን ወደ ግንድ ህዋስነት የመለሰው ጽሑፍ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ልማዱ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ኑስላይን-ፎልሃርድና ቪሻውስ በ1980 በኔቸር ያወጡት፣ ለ1995ቱ የኖቤል ሽልማት ያበቃቸው የድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) ሚውታንቶች፣ ማለትም ጂናቸው የተለወጠ ዝንቦች፣ ጽሑፍ የሁለት እኩያ መሪዎች ሥራ ነው፤ ከስማቸው ተራ ተነስቶ ማን አለቃ ማን ታዛዥ እንደነበር መገመት ያሳስታል። ስለዚህ ተራውን ብቻ አይጻፉ፤ ድርሻውን በቃል ይግለጹ።

ለዚህ ክሬዲት የሚባለው የ14 ድርሻዎች ዝርዝር ጥሩ መሣሪያ ነው፦ ሐሳብ ማመንጨት፣ ዘዴ መንደፍ፣ ሙከራ ማካሄድ፣ ሶፍትዌር፣ የዳታ አያያዝ፣ ክትትል፣ የገንዘብ ማፈላለግና ሌሎችም። ብዙ ጆርናሎች ይህን በጽሑፉ መጨረሻ ያትማሉ፤ እዚያ የታተመውን ቃል በቃል ወደ ሠንጠረዡ ይውሰዱ። ከታተመው የሚበልጥ ድርሻ መጻፍ ቢያጓጓም አብሮ አሳታሚ ያየዋል። እኩል አስተዋጽኦ ያላቸው የመጀመሪያ ደራሲዎች በኮከብ ምልክት ይታያሉ፤ ዳታቤዞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን ትተው ፊተኛውን ስም ብቻ አንደኛ ያደርጋሉ። እኛ የምንመክረው የታተመውን ተራ ሳይነኩ ኮከቡን ማስቀመጥና ከሥር አንድ መስመር ማብራሪያ መጻፍ ነው። ስምን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማዛወርን የሚፈቅዱ ተቋማት ቢኖሩም፣ የተለወጠው ተራ ከዲኦአይው መዝገብ ጋር ስለማይገጥም ጥርጣሬ ይጋብዛል።

ዓይነት የሚለውን ዓምድ በጥንቃቄ ይሙሉ፤ ጥቅስን ትርጉም የሚሰጠው እሱ ነው። ኦሪጅናል ምርምር፣ የዳሰሳ ጽሑፍ፣ የአሠራር ዘዴ፣ የግብዓት ጽሑፍ (ሌሎች የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ወይም ዳታ የሚያቀርብ)፣ አስተያየት ብለው ይለዩ። የዳሰሳ ጽሑፍ ከኦሪጅናል ምርምር በላይ መጠቀሱ የተለመደ ነው። የዘዴና የግብዓት ጽሑፎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ብራንድና ፔሪሞን በ1993 በዴቨሎፕመንት ያወጡት በድሮሶፊላ ውስጥ ጂንን በተፈለገው ቦታ የማሠራት ዘዴ፣ በ1995 የወጣው የዜብራፊሽ ፅንስ ደረጃዎች ጽሑፍ፣ በ2012 በኔቸር ሜተድስ የወጣው የፊጂ ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር የሚጠቀሱት በአብዛኛው ተመራማሪዎች ዘዴውን ስለተጠቀሙበት ነው። ይህ እውነተኛና ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ነገር ግን ስለ አንድ የህዋስ ሂደት አዲስ ነገር ካገኘ ጽሑፍ ጥቅስ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። በአንድ ዘዴ ጽሑፍ ላይ የተቆለለ ጥቅስ ድምሩን ካበዛው ይህንኑ በግልጽ ይጻፉ።

ጽሑፍ ያልሆነውንም አይተዉ። ለሌሎች የተላከ የሚውታንት ዘር፣ አድጂን በተባለው ማከማቻ የተቀመጠ ፕላዝሚድ (ጂን ለመሸከም የሚያገለግል ክብ ዲኤንኤ)፣ በሕዝብ ዳታቤዝ የተቀመጠ የጂን አገላለጽ ዳታ ወይም የማይክሮስኮፕ ምስል የየራሱ መለያ ቁጥር አለው። የዝንብ፣ የትል፣ የዜብራፊሽና የዜኖፐስ ዳታቤዞች የሆኑት ፍላይቤዝ፣ ዎርምቤዝ፣ ዚፊንና ዜንቤዝ የየእንስሳውን ጽሑፎች ከጂንና ከሚውታንት ጋር ያገናኛሉ፤ እዚያ የተመራማሪውን ሥራ ቢፈልጉ የተረሳ ጽሑፍም የተረሳ ዘርም ሊያገኙ ይችላሉ።

ቁጥሮቹ

ኤች-ኢንዴክስን የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 አቀረበው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሥራዎቹን ከብዙ ጥቅስ ወደ ጥቂት ይደርድሩ፤ የሥራው ጥቅስ ከተራ ቁጥሩ እኩል ወይም በላይ የሆነበት የመጨረሻው ተራ ኤች-ኢንዴክሱ ነው። አንድ የምሳሌ ዝርዝር እንውሰድ፦ 112፣ 64፣ 41፣ 30፣ 22፣ 17፣ 10፣ 9፣ 8፣ 3፣ 1፣ 0። ስምንተኛው 9 ስለሆነ ያልፋል፤ ዘጠነኛው 8 ስለሆነ ይወድቃል። ኤች-ኢንዴክሱ 8 ነው። ድምሩ 317፣ አማካዩ 26 ገደማ፣ መካከለኛው (ሥራዎቹ በተራ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ግን 13.5 ነው፤ አማካዩን ያሳበጡት ሁለቱ የላይኞቹ ናቸው። አሥርና ከዚያ በላይ የተጠቀሱት ሰባት ስለሆኑ ጉግል ስኮላር የሚያሳየው አይ-10 ኢንዴክስ 7 ይሆናል። የመጀመሪያው ሥራ ከ112 ወደ 1,112 ቢያድግ ኤች-ኢንዴክሱ ከ8 ፈቀቅ አይልም፤ መለኪያው ለአንድ ታላቅ ግኝት ዓይን የለውም።

አሁን 8 ጥቅስ ያለውና 1 ጥቅስ ያለው ሥራ አንድ ጽሑፍና ፕሪፕሪንቱ ሆነው ተገኙ እንበል። ሲዋሃዱ 9 ይሆናል፣ ዘጠነኛው ተራ ያልፋል፣ ኤች-ኢንዴክሱም 9 ይሆናል። ነገር ግን ፕሪፕሪንቱን የጠቀሰው ያው ጽሑፍ የታተመውንም ጠቅሶ ከሆነ አንዴ ብቻ ስለሚቆጠር 8 ላይ ይቀራል። በጉግል ስኮላር ውስጥ ሁለት ረድፎችን ሲያዋህዱ ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ከታየ፣ ጥቅሱ የተሰበሰበው ከተለያዩ መዝገቦች መሆኑን ያሳያል፤ ያን ቁጥር ከፍተው ይመርምሩት።

የራስ ጥቅስ ነውር አይደለም። አንድ ላቦራቶሪ አንድን ጂን ለ20 ዓመታት ሲያጠና የራሱን ሚውታንትና የራሱን ዘዴ ባይጠቅስ አንባቢ ዱካውን ያጣል። ሆኖም ሁለቱንም ቁጥር ያቅርቡ። ስኮፐስ የተመራማሪውን የራስ ጥቅስ ብቻ ወይም የአብሮ አሳታሚዎቹንም ጭምር ለማውጣት ያስችላል፤ የመረጡትን ይጻፉ፣ ልዩነቱ ትልቅ ሊሆን ይችላልና።

ሰውን ከሰው ለማወዳደር ሲመጣ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሲ. ኤሌጋንስ የምትባለው ትል በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሦስት ቀን ገደማ፣ ድሮሶፊላ በ25 ዲግሪ በአሥር ቀን ገደማ ትውልድ ይተካሉ። ዜብራፊሽ ሦስት ወር ያህል፣ አይጥ አሥር ሳምንት ያህል ይወስዳሉ፤ ዜኖፐስ ሌቪስ ለአካለ መጠን ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ሦስት ሚውቴሽን በአንድ አይጥ ላይ ማሰባሰብ ብቻውን ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዓመት የወጡ ጽሑፎችን ብዛት የትል ላቦራቶሪና የአይጥ ላቦራቶሪ ላይ እኩል መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሂርሽ ራሱ ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ወዲህ ላሉት ዓመታት የማካፈል ስሌትም ይህን አያርምም፤ በወሊድ ወይም በሕመም የተቋረጠ ጊዜንም አያውቅም።

የዘርፍ ምደባም ያሳስታል። በዌብ ኦፍ ሳይንስ ውስጥ የህዋስ ሥነ ሕይወት ምድብ የካንሰር ምርምርን ጭምር ያቀፈ ሰፊና ብዙ የሚጠቀስ ነው፤ የዕድገት ሥነ ሕይወት ምድብ ትንሽ ነው። ዴቨሎፕመንታል ሴል በሁለቱም ይገኛል። አንድ ጽሑፍ በአንዱ ምድብ ከፍ ብሎ በሌላው መካከለኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቶ የሚወጣ ደረጃ ሲጻፍ የትኛው ምድብ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ከዚህ የተሻለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አይሳይት በሚባል ነፃ ገጻቸው የሚሰጡት አንጻራዊ የጥቅስ መጠን ነው። የፐብሜድ ቁጥሮቹን ዝርዝር ያስገቡ፤ ገጹ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ዘርፍ ከጆርናሉ ስም ሳይሆን አብረውት ከሚጠቀሱ ጽሑፎች ይወስናል። 1.0 ማለት ጽሑፉ በዘርፉ ካለው፣ በተቋማቱ ገንዘብ ከተሠራ መካከለኛ ጽሑፍ እኩል በዓመት ተጠቅሷል ማለት ነው።

የጆርናል ኢምፓክት ፋክተርን በሰው መዝገብ ላይ አይጻፉ። ቁጥሩ ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ሥራዎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ድምር ለሥራዎቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኝ አማካይ ነው። ጥቂት ብዙ የሚጠቀሱ ጽሑፎች ስለሚያሳብጡት የአብዛኛው ጽሑፍ ጥቅስ ከአማካዩ በታች ነው። የሁለት ዓመቱ መስኮትም ሚውታንት ሠርቶ፣ አዳቅሎ፣ ፈትኖ ለሚመልስ ዘርፍ ጠባብ ነው። ይህን ተቃውሞ በይፋ ያነሱት የህዋስ ሥነ ሕይወት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፦ የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ የተጠነሰሰው በዲሴምበር 2012 በአሜሪካ የህዋስ ሥነ ሕይወት ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ነው። ብዙ የገንዘብ ሰጪዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ፈርመውበታል። አመልካች ቅጹ ኢምፓክት ፋክተር በግድ ካልጠየቀ በስተቀር ቦታውን ለድርሻ መግለጫ ይስጡት።

ገጾቹን ማስተካከል

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ብቻ ወደ ዳታቤዝ ገጾቹ ይመለሱ። በጉግል ስኮላር መጀመሪያ የሚለወጠው አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨመር የሚፈቅደው ምርጫ ነው፤ ለማጽደቅ በኢሜይል እንዲጠይቅ ያድርጉት። አለበለዚያ ስመ ሞክሼ ሰው ያወጣው ጽሑፍ ይገባና በተመራማሪው ስም ይቆማል። የሰው ሥራ በራስ ገጽ ላይ መቆየቱ፣ ሳይታወቅ ቢሆንም፣ ባለቤቱን የሚያስጠይቅ ነው። ቀጥሎ የተደጋገሙትን ረድፎች ምልክት አድርገው ያዋህዱ፤ የማይገቡትን ያስወጡ።

ስኮፐስ ለእያንዳንዱ ደራሲ መለያ በራሱ ይፈጥራል፤ ተቋም የቀየረ ሰው ሁለት ወይም ሦስት መለያ ይኖረዋል። በደራሲ ፍለጋ ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክሩ፣ የተገኙትን መለያዎች ይምረጡ፣ እንዲዋሃዱ በማረሚያ ቅጹ ይጠይቁ። የጎደለ ጥቅስ ካለ የጠቃሹን ጽሑፍና የተጠቃሹን ዲኦአይ ጎን ለጎን ጽፈው ይላኩ፤ «ቁጥሬ አነሰ» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም። በዌብ ኦፍ ሳይንስም የደራሲ ገጹን ባለቤትነት ካረጋገጡ በኋላ ሥራዎችን ማከልና መቀነስ ይቻላል፤ የመዝገብ ስህተት ግን በዳታ ማረሚያ ቅጽ ነው የሚታረመው። ስኮፐስ የዋቢ ዝርዝሮችን በስፋት የያዘው ከ1970 ወዲህ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጠቀሰውን በማመልከቻ ማስመለስ አይቻልም።

በመጨረሻ በማመልከቻው ላይ የሚጻፈው መስመር አጭር ይሁን። ከላይ ላለው ምሳሌ፣ ጽሑፉና ፕሪፕሪንቱ ተዋህደው 9 ጥቅስ ካገኙ፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «11 ሥራዎች፤ 8 ኦሪጅናል ምርምር፣ 2 ዳሰሳ፣ 1 የአሠራር ዘዴ። በ4ቱ የመጀመሪያ ደራሲ (አንዱ እኩል አስተዋጽኦ)፣ በ3ቱ የመጨረሻ ደራሲ። ኤች-ኢንዴክስ 9፤ ምንጭ ስኮፐስ፣ ማርች 3 ቀን 2025 የተወሰደ፣ የራስ ጥቅስ ጨምሮ። 112 ጥቅስ ያለው ሥራ የአሠራር ዘዴ ነው።» ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ሥራዎች ተመርጠው እያንዳንዳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይብራሩ፦ ምን ተገኘ፣ የተመራማሪው እጅ የቱ ጋ ነበር፣ ሌሎች ምን ሠሩበት። ቁጥሩን የወሰዱበትን ገጽ በዚያው ቀን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ዳታቤዝ መዝገቡን ሲያርም ቁጥር ወደ ታችም ይወርዳል፣ ከወራት በኋላ ለሚጠይቅ ገምጋሚም የሚቀርበው ያ ፋይል ነው።